የአሮጌ ባጅ ዋጋ በምን ይለካል?

ከአባት የቀረውን ቆርቆሮ ለደላላ ከማስረከብዎ በፊት

ሰሞኑን አትላስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ካፌ ሁለት ሰዎች አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሲከራከሩ ተመለከትን። አንደኛዋ ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹን ያለፈ ወይዘሮ ናቸው። ሁለተኛው ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ ወጣት ነው። በቆርቆሮው ውስጥ ከወይዘሮዋ ሟች አባት የቀሩ አምስት ዕቃዎች ነበሩ። እነሱም ሪባኑ የነተበ የንጉሡ ዘመን ሜዳይ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ባጅ፣ የኢሠፓ አባልነት መታወቂያ፣ በአራት የታጠፈ የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ፖስተር፣ እንዲሁም ሜዳዩ የተጠቀለለበት ሁለት ገጽ የሞላ ቢጫ ወረቀት ናቸው።

ወጣቱ ለሁሉም በአንድነት 3,000 ብር ጠራ። ወይዘሮዋ ሳቅ ብለው «ልጄ፣ ሜዳዩ ብቻ ከዚህ በላይ ያወጣል፤ የብር ነው» አሉት። «እትዬ፣ እኔ የምገዛው ለማስታወሻ ነው እንጂ ለወርቅ ቤት አይደለም» ሲል መለሰ። ሁለቱም ወረቀቱን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ወረቀቱ ግን ከአምስቱ ዕቃዎች በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው የመጀመሪያው ነበር። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እንዲህ ያለው ግብይት በከተማችን አዲስ አይደለም። አሮጌ ብረታ ብረት «ቆራሌው» እያለ በየሰፈሩ ለሚዞረው ልጅ በኪሎ ይሸጣል። የምርጫ ካናቴራና ኮፍያ በልዋጭ ሰሃን ይሆናል። ከዚያ ጥቂቱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ የተሻለው ደግሞ በቸርችል ጎዳና፣ በፖስታ ቤት አካባቢ ባሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች መስታወት ውስጥ ይሰለፋል። ገንዘብ ያለው ገዢ በአብዛኛው የሚያርፈው ቦሌና አትላስ አካባቢ በመሆኑ የመጨረሻው ድርድር በሆቴልና በካፌ ጠረጴዛ ላይ ይካሄዳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ስለ ዕቃው ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው ባለቤቱ ሆኖ ሳለ፣ ከሁሉ ያነሰ የሚያገኘውም እሱ ነው። ምክንያቱ ዕቃው በምን እንደሚገመት አለማወቁ ነው።

ግምት የሚሠራው በአምስት ጥያቄዎች ነው። ዕቃው የየትኛው ዘመን ነው? እውነተኛ ነው ወይስ አስመስሎ የተሠራ? ስንት ቀርቷል? በምን ይዞታ ላይ ይገኛል? የማን ነበር? በየተራ እንመልከታቸው።

ዘመኑን ቃላቱ ይናገራሉ

በአገራችን የፖለቲካ ዕቃ ዘመን መለየት ከሌላው አገር ይልቅ ይቀላል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ስሙም አርማውም ይለወጣልና። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የተከበረው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። የዘውድ በዓሉ ሜዳዮችና ቴምብሮች የሚቆጠሩት ከዚህ ዕለት ጀምሮ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ቢፈቅድም፣ ፓርቲ ግን አልነበረም። እጩዎች የሚወዳደሩት በግላቸው ነው። ስለዚህ «የንጉሡ ዘመን የፓርቲ ባጅ» ይዤ መጥቻለሁ የሚል ሻጭ ቢመጣ፣ ገና ከመነሻው ጥያቄ ሊነሣበት ይገባል።

ንጉሡ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዘውዱ ሥርዓት በይፋ የተሻረው በመጋቢት ወር በዚያው ዓመት ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀጠለ። ይህ ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማትም አስገኝቷል። የእነዚህ ዘመቻዎች የምስክር ወረቀት፣ ፎቶግራፍና ባጅ ዛሬም በብዙ ቤት ሳጥን ውስጥ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ምሕፃረ ቃል ማወቅ ይጠቅማል። የፓርቲ ማደራጃው ኮሚሽን ኢሠፓአኮ የተቋቋመው በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. ነው። ኢሠፓ የተመሠረተው በጳጉሜን 1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በቀጣዩ መስከረም በታላቅ ድምቀት ተከበረ። ኢሕዲሪ የሚለው የመንግሥት ስም የመጣው በመስከረም 1980 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «አሥረኛው የአብዮት በዓል» የሚል ጽሑፍ ከ«ኢሕዲሪ» ጋር አንድ ባጅ ላይ ቢገኝ፣ ባጁ ቆይቶ የተሠራ ነው ማለት ነው። ሦስት ዓመት ቀድሞ የመጣ ስም አይኖርም።

ለቅርቡ ዘመንም ተመሳሳይ መለኪያ አለ። በሰማያዊ ክብ ላይ ያለው የኮከብ አርማ በሕግ የወጣው በጥር 1988 ዓ.ም. ነው። የ1987 ዓ.ም. ምርጫ ነው ተብሎ በቀረበ ፖስተር ላይ ይህ አርማ ከታየ ጉዳዩ ያጠራጥራል። የ1997 ዓ.ም. ምርጫ የተካሄደው ግንቦት 7 ቀን ነው። የስልክ ቁጥራችን ግን ወደ አሥር አኃዝ ያደገው ከዚያ በኋላ፣ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የዚያ ምርጫ ፖስተር ግርጌ ላይ በ0911 የሚጀምር ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ካለ፣ ፖስተሩ በምርጫው ሰሞን አልታተመም። የኢሕአዴግ ንብ፣ የቅንጅት ሁለት ጣት፣ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ የታየው የብልጽግና አምፖል እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዘመን ምልክት ናቸው። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. በመክሰሙ ንቡም ወደ ሰብሳቢዎች ዓለም ተሻግሯል።

እውነተኛ ወይስ ፎርጅድ?

ፎርጅድ የሚሠራው ሰው የሚፈልገውን ዕቃ በመከተል ነው። በመሆኑም ሐሰተኛ የመሆን ሥጋቱ ከሁሉ የሚበረታው በንጉሡ ዘመን ኒሻኖችና ሜዳዮች ላይ ነው።

እውነተኛ ሜዳይ በአብዛኛው የሚሠራው በከባድ መኪና ተመትቶ ነው። ፊደሉ ስለት አለው፤ ወለሉ ለስላሳ ነው። አስመስሎ የሚሠራው ግን በእውነተኛው ላይ ቅርጽ ወስዶ ብረት በማፍሰስ ነው። የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቅጂው ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል። በማጉያ መነፅር ሲታይ ወለሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ፊደሉም እንደ ሟሟ ሳሙና ጠርዙ ይደበዝዛል። ማግኔት ቢያስጠጉትና ቢይዝ፣ «ብር ነው» የሚለው ንግግር እዚያው ያበቃል። ማግኔት አለመያዙ ግን ብር ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። ናስም ማግኔት አይዝም።

የሠሪው ማኅተምም ይታያል። ከንጉሡ ዘመን ኒሻኖች መካከል በአዲስ አበባ የነበረው የአርመናዊው ጌጥ ሠሪ የሴቫጂያን፣ የፓሪሱ አርቱስ በርትራንና የለንደኑ ማፒን ኤንድ ዌብ ስም ያለባቸው ይገኛሉ። የጣሊያን ወረራ ጊዜ ሜዳዮች ላይ ደግሞ የሚላኖው ሎሪዮሊ ስም ይታያል። ሁሉም ሜዳይ ማኅተም አለው ማለት ግን አይደለም። ማኅተሙም ራሱ ሊቀዳ ስለሚችል ከሌላው ማስረጃ ጋር ተዳብሎ ነው የሚመዘነው።

ወረቀትን የሚመረምር ሰው ደግሞ ፊደሉን ይመልከት። በ1967 ወይም በ1969 ዓ.ም. ተበተነ የሚባል ጽሑፍ በኮምፒዩተር ፊደል ተጽፎ ሊገኝ አይችልም። የዚያ ዘመን የድብቅ ጽሑፍ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ስቴንስል ላይ ተመትቶ በማባዣ የወጣ ነው። ቀለሙ ወፍራምና ያልተስተካከለ ሲሆን፣ የክብ ፊደላት ሆድ በቀለም ይሞላል። የማተሚያ ቤት ፖስተር በማጉያ ሲታይ በሥርዓት የተሰደሩ ነጥቦች ያሳያል። በቅርቡ በኮምፒዩተር ማተሚያ የተቀዳው ግን የተረጨ የሚመስል ብትን ነጥብ ነው።

አሜሪካኖች በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1896 ማኪንሊና ብራያን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በሴሉሎይድ የተሸፈነ የደረት ባጅ በብዛት ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የምርጫ ባጅ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ገበያ ሆነ። ገበያው ሲደራ አስመሳዩም በዛ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ሕግ ማንኛውም አስመስሎ የተሠራ የፖለቲካ ዕቃ የተሠራበት ዓመት እንዲጻፍበት አስገደደ። የእኛ ገዢ ግን በዓይኑ፣ በማጉያ መነፅሩና በጥርጣሬው መተማመን ይኖርበታል።

የተቃጠለው ይወደዳል

ብዙ ሰው «አሮጌ ከሆነ ውድ ነው» ብሎ ያምናል። ይህ ስሕተት ነው። ዋጋን የሚወስነው ስንቱ ተሠራ የሚለው ሳይሆን ስንቱ ቀረ፣ ስንቱ ሰውስ ይፈልገዋል የሚለው ነው።

እዚሁ አሜሪካ ላይ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በዚያ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ በላይ ከሚፈለጉት ባጆች አንዱ የአሸናፊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 የተሸነፉት ጄምስ ኮክስና ምክትላቸው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን የታተመበት ባጅ ነው። የተሠራው ጥቂት ነበርና የቀረውም ጥቂት ነው።

በእኛ አገር ዕቃ እንዲጎድል ያደረገው ትልቁ ምክንያት ፍርሃት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የኢሕአፓ ልሳን የነበረችው «ዴሞክራሲያ» በአንድ ሰው ቤት ከተገኘች ሕይወት ታስጠፋ ነበር። ስለሆነም እናቶች የልጆቻቸውን ወረቀት ሌሊት በምድጃ አቃጠሉ፤ ሽንት ቤት ጨመሩ። ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም. የሌኒን ሐውልት ከቆመበት ሲወርድ ደግሞ ተራው የኢሠፓ አባላት ሆነ። መታወቂያው ተቀደደ፤ ባጁ ከኮት ላይ ተነቀለ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በተከተለው ግድያና እስር ሳቢያም የሁለት ጣት ምልክት ያለበትን ወረቀት ብዙ ሰው አስወገደ።

ስለዚህ በሺህ የሚቆጠር ተሠርቶ በየሳጥኑ የተቀመጠ የበዓል ባጅ ርካሽ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ማንም ሰው ሊያስቀምጠው ያልደፈረው ተራ ወረቀት ግን ብርቅ ይሆናል። የቢጫው ወረቀት ነገር እዚህ ላይ ነው የሚነሣው።

በአመድና በሎሚ አይሹት

ይዞታ ሲባል ዕቃው ከተሠራበት ጊዜ ምን ያህል ሳይለወጥ ቆየ ማለት ነው። የሜዳይ ሪባን ቢነትብም የራሱ ሪባን ከሆነ፣ ከአዲስ ሪባን ይልቅ ይመረጣል። የባጁ መርፌ ቁልፍ፣ የመታወቂያው ፎቶግራፍ፣ ማኅተምና ፊርማ በቦታቸው መኖራቸው ይታያል።

ባለቤቶች በቅን ልቡና የሚያደርሱት ትልቁ ጉዳት ማጽዳት ነው። ዕቃው ለገዢ ከመታየቱ በፊት እንደ ናስ ትሪ በአመድና በሎሚ ይታሻል። ሎሚው የዘመኑን ጥላ ይገፍፋል፤ አመዱ ፊደሉን ይፍቃል። የተሰጠው ብልጭታ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። የተቀደደ ወረቀትንም በፕላስተር ማጣበቅ አይገባም። ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን አቡክቶ ይበላዋል። ላሚኔሽን ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ አንዴ ከተሠራ አይመለስም። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ፣ ወረቀቱን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቆ በንጹሕ ፖስታ ውስጥ ማኖር ይበቃል።

የማን ነበር?

ከአምስቱ ጥያቄዎች ዋጋን ከሁሉ በላይ የሚያንረው ይህ ነው። የመሠረተ ትምህርት ባጅ ብቻውን ባጅ ነው። ባጁን ያደረገው መምህር ከተማሪዎቹ ጋር የተነሣው ፎቶግራፍ፣ የዘመተበት ወረዳ ስምና የጻፈው ደብዳቤ አብረው ሲገኙ ግን የአንድ ሰው ሕይወት ማስረጃ ይሆናል። ሰብሳቢውም ሙዚየሙም የሚፈልጉት ይህን ነው።

ባለቤትነት ከተጠየቀ ደግሞ ዋጋ ይቆማል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት በ2007 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ክሪስቲስ በተባለው አጫራች ለሽያጭ ሊቀርብ ሲል በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ከጨረታው ተነሣ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. እንደገና ቀርቦ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ተሸጠ። ሰዓቱ ያው ሰዓት ነው። ለሁለት ዓመት ተኩል ያቆየው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነበር።

ስለዚህ ዕቃ ያለው ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ነገር ገንዘብ አያስወጣም። በአንድ ወረቀት ላይ ዕቃው የማን እንደነበር፣ መቼና የት እንደተሰጠው፣ ለማን እንደተላለፈ ጽፎ መፈረም ነው። አዛውንት በሕይወት ካሉ እነሱን መጠየቅ ነው። ታሪኩ ከሰውዬው ጋር ከተቀበረ ዋጋውም አብሮ ይቀበራል።

ሒሳቡን እንዴት እንሥራ?

ለአንድ ዕቃ ሦስት ዋጋ አለ። መደብሩ የሚጠራው፣ ሰብሳቢው በእርግጥ የሚከፍለውና ነጋዴው ከባለቤቱ የሚገዛበት። እንበልና አንድ ባጅ በመደብር 6,000 ብር ተጠርቶበታል። ገዢው ተከራክሮ በ4,000 ብር ወሰደው። ገበያው የመሰከረለት 4,000 ነው እንጂ 6,000 አይደለም። ነጋዴው ኪራዩን፣ ግብሩንና ዕቃው ሳይሸጥ የሚቆይበትን ጊዜ አስቦ ለባለቤቱ 2,000 ብር ቢሰጥ ዘርፎታል አይባልም። 200 ብር ከሰጠው ግን ባለቤቱ አላወቀም ማለት ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ የተጠራን ዋጋ ሳይሆን የተከፈለን ዋጋ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ሁለት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ያስገምቱ። የሚገምትልዎት ሰው ራሱ ገዢ ከሆነ ግምቱ ግምት ሳይሆን የድርድር መክፈቻ ነው። ሦስተኛ፣ የተለያዩ ዕቃዎችን በአንድ ዋጋ አይጠቅልሉ። «ሁሉንም በአንድነት» የሚል ገዢ ከመካከላቸው አንዱን አይቷል ማለት ነው።

ሕጉና ሕሊና

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል። አትላስ ላይ የተገዛ ዕቃ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ቢበቃው፣ በሻንጣ ውስጥ መገኘቱ ግን ገዢውን ከጉዞው ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ዕድሜ ያለውን ዕቃ ከመሸጥም ሆነ ከመግዛት አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ማማከር ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ከሕግ ውጭ የሆነ ጉዳይም አለ። ከቀይ ሽብር ጊዜ የቀረ የሟች መታወቂያ፣ ከእስር ቤት የወጣ ደብዳቤ ወይም የተገደለ ወጣት ፎቶግራፍ ከባጅ ጋር በአንድ ሳጥን ሊገኝ ይችላል። ዋጋ ያወጣል ወይ ከተባለ ያወጣ ይሆናል። መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግን እንዲህ ላለው ዕቃ የተሠራ ቤት ነው። ወመዘክርና ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚጠበቅባቸው ናቸው። ለመሸጥ የወሰነ ቤተሰብ እንኳ አስቀድሞ ቅጂ ቢያስቀር አይከስርም።

ወደ ቆርቆሮው እንመለስ። አብሮን የነበረ፣ ዕቃ በመሰብሰብ የቆየ ሰው ወይዘሮዋን አስፈቅዶ ማጉያ መነፅሩን አወጣ። ሜዳዩ ወለሉ የተቦደቦደ የፈሰሰ ብረት ሆኖ ተገኘ። አባታቸው እውነተኛው ጠፍቶባቸው ያስመሰሉት ይሁን፣ ማን ያውቃል። ባጁና መታወቂያው እውነተኛ ናቸው። ፖስተሩም ደህና ነው። የተጠቀለለበት ቢጫ ወረቀት ግን በስቴንስል የተባዛ የ1969 ዓ.ም. ጽሑፍ ነበር። በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ የሰው ስም አለበት።

ወይዘሮዋ ስሙን አንብበው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ታላቅ ወንድሜ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አባባ ሁሉን አቃጥያለሁ ይለን ነበር።»

ወጣቱ ዋጋውን አልጨመረም፤ አልቀነሰምም። ፖስተሩንና ባጁን ለየብቻ ተዋውሎ ገዛ። ወረቀቱን ወይዘሮዋ በንጹሕ ፖስታ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሜዳዩንም አልሸጡትም፤ ሐሰተኛ መሆኑን ካወቁ በኋላ እንኳ መልሰው ቆርቆሮው ውስጥ አኖሩት። አርባ ዓመት ያን ወረቀት ጠቅልሎ የጠበቀው እሱ ነበርና።